«ታፔላ ለጣፊዎቹ»፦ የቤተ መጻሕፍትና የምልክት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ስሙን ያወጡልን የእግር ኳስ ቡድኑ ልጆች ናቸው። ይሁን። ዘንድሮ ከቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ፈልጎ ያገኘ ሁሉ ግን ያገኘው በለጣፊዎቹ ሥራ ነው።

ቀድሞ መጻሕፍቱ በቁመታቸው ይደረደሩ ነበር። አሁን መጻሕፍትን በይዘታቸው እየለየ ቁጥር በሚሰጠው በዲዊ አመዳደብ ሒሳብ 510፣ ፊዚክስ 530፣ ኬሚስትሪ 540፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963 ላይ ነው። ቁጥሩ በጥራዙ ጀርባ ላይ፣ ከግርጌ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይለጠፋል፤ ከፍታው ከተዛነፈ ዓይን ይዘለዋል። ግልጽ ፕላስተር ካልተደረበበትም ወረቀቱ በእጅ ላብ ይነሣል። ያስቸገረን የአማርኛው ተራ ነበር። «ሐዲስ»ን አንዱ ከሀ፣ ሌላው ከሐ ሥር ይከተዋል። ስለዚህ ለድርደራ ብቻ ሀ፣ ሐ እና ኀ እንደ አንድ ተቆጠሩ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። ስብሰባው ዓርብ ዓርብ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውን ማየት የፈለገ ይጠይቅ።

የዓመቱ ትልቅ ነገር የመናኸሪያው ጉብኝት ነው። ከደጀን ባሕር ዳር የሚያደርሰው መንገድ ሁለት መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አንዱ በማርቆስና በቡሬ፣ ሌላው በቢቸናና በሞጣ። የአንዱ አውቶቡስ ታፔላ ግን «ባሕር ዳር» ብሎ ዝም ይላል። አንድ አዛውንት ዶሯቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል።

«አባቴ፣ የት ነው የሚወርዱት?» አለቻቸው አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪያችን።

«ቢቸና ነው ልጄ።»

«ይኼ በማርቆስ የሚሄደው ነው፤ ይውረዱ!»

ረዳቱ ተቆጣ። እሷ ግን አዛውንቱን አውርዳ፣ ትክክለኛው መኪና ላይ አሳፍራ ስትመለስ «ቲቸር፣ ታፔላው መገንጠያውን አይናገርም። ማንበብ የማይችለውስ?» አለችኝ። ለዚያች ጥያቄ ስንል ዓመቱን ብንለፋ አይቆጨንም።

በማግስቱ ናሙና ሠራን። ከመድረሻው ሥር «በሞጣ» ወይም «በማርቆስ» ተጻፈ። ለሞጣ ቢጫ አግድም መስመር፣ ለማርቆስ አረንጓዴ ሰያፍ መስመር ተደረገ፤ ሲመሽ ቀለም ስለማይለይ ቅርጹም ያስፈልጋል። ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ፊደል ይበቃል ይባላል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የምትለየው ጭረት ግን ከሩቅ ስለምትጠፋ 4 አደረግነው።

በግቢያችን በቀይ ማርከር የጻፍናቸው ምልክቶች በፀሐይ ነጥተዋል። የዘይት ቀለም ቢኖር ይህ አይሆንም ነበር። ለማልያ የተገኘው በጀት ለኮምፔንሳቶ ለምን እንደማይገኝ የሚያስረዳን አላገኘንም። ለመጪው ዓመት የምንጠይቀው ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ፣ ጥቁርና ነጭ የዘይት ቀለም፣ ብሩሽና ፕላስተር ነው። መስጠት የሚፈልግ ወላጅ ቤተ መጻሕፍቱ ድረስ ይምጣ፤ በሩ ላይ ተጽፏል።