ሐዋሳ ለተመደበችው ለሄለን

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥቅምት 8

ይድረስ ለምወድሽ ለእህቴ ልጅ ለሄለን፣
አዳማ

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እታለምና ጋሼ፣ ልጆቹም ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ ክብሩ ይስፋ ለእግዚአብሔር፣ ደህና ነኝ። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ እንደ ደረሰሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። እታለም በስልክ የምታወራኝ ስለ ሻንጣ ብቻ ነው። ሻንጣ የትም አይሄድም፤ ቀድሞ የሚታሰብበት ወረቀቱ ነው።

የ8ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፍኬት፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ያለው ትራንስክሪፕት፣ ዋናውም ኮፒውም ያስፈልግሻል። ትራንስክሪፕቱን የዩኒቨርሲቲው የምዝገባ ጥሪ እስኪወጣ ሳትጠብቂ ዛሬውኑ ጠይቂ፤ ጥሪው ሲወጣ ሁሉም ባንድ ቀን ነው የሚሰለፈው። ስትረከቢ እዚያው ቆመሽ አገላብጠሽ እዪው፤ ፊርማ አለው? ማኅተሙ ፎቶሽን ነክቶ አልፏል? የስምሽን የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ደግሞ ፊደል በፊደል አስተያዪ። ሰርተፍኬቱ ላይ በአንድ «ኤል»፣ ፋይዳ መታወቂያሽ ላይ በሁለት «ኤል» ከሆነ ተራ ነገር ይመስላል፤ ግን ሬጅስትራር የሚመዘግበው ስም እስከ ዲግሪሽ ድረስ ይከተልሻል። ካልገጠመ ፋይዳውን ከ12ኛ ክፍሉ ጋር እንዲገጥም አስተካክዪ፤ የፈተና ሰርተፍኬት ማስተካከል እጅግ አድካሚ ነው። 3 በ4 ጉርድ ፎቶ ጥሪው 4 ቢል አንቺ 8 አሠሪ። ሁሉንም በስልክሽ አንስተሽ ለእናትሽም ላኪ፤ ዋናውን ሳይጠየቅ ለማንም አትስጪ።

ጥሪው የትኛው ግቢ እንደሚል ሳታነቢ ትኬት አትቁረጪ። ዩኒቨርሲቲው ከተማው ውስጥ ካሉት ሌላ ወንዶ ገነትና ዳዬም ግቢ አለው። ከተባለው ቀን ቀድመሽም አትሂጂ፤ ዶርም ሳይከፈት የደረሰ ለሆቴል ነው የሚከፍለው። በሞጆና በሻሸመኔ ነው መንገዱ፤ በጠዋት ከተነሣሽ በቀን ትገቢያለሽ። «ምደባ አስቀይርልሻለሁ» ብሎ ብር የሚጠይቅ ቢደውል ስልኩን ዝጊበት፤ ሌባ ነው።

ብርድ ልብስ፣ አንሶላ፣ የትራስ ልብስና የስፖርት ትጥቅ ጥሪው ራሱ ይዘረዝርልሻል። እኔ የምጨምረው አጎበር ነው፤ ሐዋሳ ወባ አለ። ከላይ በአንድ ገመድ የሚንጠለጠለው ክብ ዓይነት ለተደራራቢ አልጋ አይሆንም፤ ታች ከተኛሽ መስቀያ የለውም። አራት ማዕዘኑን ግዢና አራት ሜትር ያህል ሲባጎ ያዢ፣ ከአልጋው እግሮች ጋር ይታሰራል። ካፖርት አትሸከሚ፤ አየሩ ከአዳማ ብዙም አይርቅም።

እታለም፣ ይቺ ያንቺ ናት፤ በሶ ሦስት ኪሎ፣ ቆሎ ሁለት ኪሎ ይበቃታል። ገብሱ ተፈጭቶ እንደ መጣ ትኩሱን ዕቃ ውስጥ አትክደኚው፤ ያልበውና ይሻግታል። ሰፌድ ላይ ዘርግተሽ ሲበርድ ክተቺው። ሽሮ ግን አትላኪባት፤ ዶርም ውስጥ ምድጃ ስለማይፈቀድ ዱቄቱ ተቀምጦ ነው የሚበላሸው።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ሲኒየሮቹ «ፍሬሽማን ቀላል ነው፣ ተዝናኑ» ይሉሻል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ማለታቸው ነው። ኮርሱ ከባድ ላይሆን ይችላል። ዲፓርትመንት ሲመረጥ ግን ይኸው የፍሬሽማን ውጤት ይታያል፤ የተዝናናው ልጅ የሚነቃው ምርጫው ሲለጠፍ ነው። ስሌቱን እዪው። እያንዳንዳቸው ባለ 3 ክሬዲት የሆኑ አምስት ኮርሶች ወሰድሽ እንበል። አራቱን «ኤ» ብታመጪ 4 ጊዜ 12፣ 48 ነጥብ ነው። አምስተኛውን «ቢ» ካመጣሽ 9 ይጨመርና 57 ለ15 ሲካፈል 3.8 ይሆናል። «ሲ» ከሆነ ግን 6 ብቻ ስለሚጨመር 54 ለ15፣ 3.6 ነው። ስለዚህ የምትወጂውን ከማሳመር የምትጠዪውን ከ«ሲ» ማውጣት ይጠቅምሻል። ጂኦግራፊና ሎጂክ ብዙ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ንቆ የሚወድቅባቸው ናቸው፤ ክሬዲታቸው ግን ከማትሱ አያንስም።

ነጥብ የሚፈሰው ፋይናል ላይ አይምሰልሽ። ኩዊዝ፣ አሳይንመንትና ሚድ ተደምረው አብዛኛውን ጊዜ ግማሹን ይይዛሉ። በግሩፕ አሳይንመንት ላይ ስምሽ መጻፉን ከመረከቡ በፊት ራስሽ እዪ። ታመሽ ኩዊዝ ካለፈሽ በዚያው ቀን ክሊኒክ ሄደሽ ወረቀት ያዢ፤ በሳምንቱ የሚመጣ ማስረጃ መምህሩን አያሳምነውም። ሌክቸሩ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሁሉንም ቃል ለመገልበጥ አትሞክሪ፣ ርዕሱንና ምሳሌውን ጻፊና ማታውኑ ከሞጁሉ አሟዪው። ሦስት ቀን ካደረ የራስሽ ጽሑፍ ለራስሽም አይገባሽም። የፍሬሽማን ሞጁሎችን አዳማ ሳለሽ ስልክሽ ላይ አውርጃቸው፤ ግቢ ዋይፋይ ሲጨናነቅ አትለምኚም።

ኮስት ሼሪንግ የሚባል ውል ትፈርሚያለሽ፤ ተመርቀሽ ሥራ ስትይዢ የሚከፈል ዕዳ ነው። እዚያው ላይ ካፌ ወይስ ኖን ካፌ ይሉሻል፤ ከግቢው ትበያለሽ ወይስ የምግቡን ብር ወስደሽ ራስሽ ትበያለሽ ማለት ነው። ለመጀመሪያው ሴሚስተር ካፌ በዪ። ምግቡ አያስደስትሽ ይሆናል፤ ግን ኖን ካፌ የሆነች ፍሬሽ ወሩ ሳይጋመስ ብሩን ትጨርስና በሚድ ሰሞን በዳቦ ታድራለች።

ገንዘቡን በየወሩ በባንክ ሒሳብሽ እልካለሁ፤ የሴሚስተሩን ባንዴ አልልክም፣ አትቆጪ። ሒሳቡን በፋይዳው ስም ክፈቺ፣ ሲም ካርዱም በራስሽ ስም ይሁን። የሎከሩን ጓጉንቸር ከሐዋሳ ግዢው፤ ቀዳዳውን ሳታዪ ከአዳማ ከገዛሽ ወይ አይገባም ወይ ይላላል። ጥሪው እንደ ወጣ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።

አጎትሽ