አሜሪካ ስለ መብረር ለጠየቃችሁ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ስለ አሜሪካ አነስተኛ አየር መንገዶች ቅጥር ጠይቃችኋል። የንግድ አብራሪ ፈቃድ በ250 ሰዓት ይገኛል። በእሱ ብቻ ረዳት አብራሪ መሆን ግን ድሮ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ በመደበኛው 1,500 የበረራ ሰዓት ይጠየቃል። እውቅና ካለው ኮሌጅ በአቪዬሽን ዲግሪ ለያዘ 1,000 ይበቃል። አብዛኛው ሰው ሰዓቱን የሚሞላው ጀማሪ በማስተማር ነው።

ሕጉን ያመጣው እ.ኤ.አ. በ2009 በኒውዮርክ ግዛት ቡፋሎ ከተማ አጠገብ የደረሰው የአውሮፕላን አደጋ ነው። የሚገርመው፣ ሁለቱም አብራሪዎች ከ1,500 ሰዓት በላይ በረው ነበር። ረዳት አብራሪዋ ግን ሌሊቱን ከምዕራብ አሜሪካ ከሲያትል ወደ ምሥራቁ ኒውዋርክ ስትጓዝ አድራ ነው ሥራ የገባችው። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ይሄ ወደ ሥራ የሚደረግ ረጅም ጉዞ ነው።

እኛ ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ወርደን እንሠራለን። አሜሪካ ግን ቤቱ አንድ ከተማ፣ የሥራ መነሻው ሌላ ከተማ የሆነ አብራሪ ሞልቷል። ትርፍ ወንበር ካለ በነጻ ይሄዳል፤ ከሌለ ቀጣዩን ይጠብቃል። ለዚህ ጉዞ ደሞዝ የለም። ለማደሪያም ብዙ ሆነው አንድ ቤት ይከራያሉ።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ግን የጤና ምርመራውን አድርጉ። የቀረውን ቅዳሜ ፒያሳ ስንገናኝ እናወራለን።