ሊፒስቲኩን ከመስኮት አንሺው

ይድረስ ለእህት ዓለም፣

እንደምን ከረምሽ? እኔ ብርዱን ችዬ ደህና ነኝ። ደብረ ብርሃንም እንደምታውቂያት ናት። ስንቴ ስልኬን አንስቼ "ዛሬስ ልደውልላት" ብዬ እንደተውኩት አልነግርሽም። አንቺም ያው ነሽ። ስለዚህ ወቀሳውን እንዝለለው።

ታናሽ እህትሽን ገበያ አገኘኋት። ሥራ ይዘሽ ሸዋ ሮቢት መውረድሽን ነገረችኝ። ቀጥላ "ሜካፗ ሁሉ ቀለጠባት" አለች። ይቅርታ አድርጊልኝና ሳቄ አመለጠኝ። አንቺ እኮ ዶርም ሳለን ሊፒስቲክሽን በቀለም በቀለሙ ለይተሽ መስኮት ላይ ነበር የምትደረድሪው! እዚህ ብርዱ ይጠብቅልሽ ነበር። እዚያ ግን ቆላ ነው፣ አይምርሽም።

በይ አሁን ከመስኮት አንሺው። ያ ብርጭቆ የመሰለ ፕላስቲክ ማስቀመጫ ለፎቶ ያምራል እንጂ ፀሐይ አይከልልም። ሊፒስቲክ ሰምና ዘይት ነው። ሲሞቀው መጀመሪያ ላብ ላብ ይለዋል፣ ከዚያ ይጎብጣል። ሽታው ከተቀየረ ዘይቱ ተበላሽቷልና አትሳሺለት፣ ጣይው። ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጡም አሉ። እኔ አልወደውም። መብራት በሄደ ቁጥር ይረጥባል። ቁም ሳጥንሽ ታች፣ ግድግዳው ፀሐይ የማይመታው በኩል ይበቃዋል። መታጠቢያ ቤት ግን በፍጹም፤ እንፋሎቱ ፓውደርሽን ያጓጉልብሻል።

እኔ በምን እንደማስቀምጥ ታውቂያለሽ? በአያቴ ሙዳይ! ያ በአለላ የተሰፋው፣ ክዳኑ ጥብቅ የሚለው። ድሮ ድሪና ጉትቻ ነበር የሚቀመጥበት። ውስጡን በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አለበስኩት። አይሻዶ ሲፈስ ጨርቁን አውጥቶ ማጠብ ነው። ሊፒስቲኮቹን በአፍጢማቸው አቆማቸዋለሁ፤ የቀለሙ ስም የሚለጠፈው ቂጣቸው ላይ ስለሆነ እየከፈትኩ አልፈልግም። አንቺ ግን እንዳታደርጊው። እዚያ ሙቀት ከለሰለሰ ክዳኑ ውስጥ ወርዶ ይቀርልሻል።

ከሙዳዩ ጋር የአያቴ የኩል ብልቃጥም አለ። ለትዝታ አስቀምጬዋለሁ እንጂ አልኳልበትም። በድሮው ዘዴ ከሚሠራው ኩል ውስጥ እርሳስ የሚገኝበት አለ፣ እሱ ደግሞ መርዝ ነው። ምን እንዳለበት ሳታውቂ ዓይንሽ ላይ አታድርጊ።

አሁን ደግሞ ስለ ቀን። ዕቃው ጀርባ ላይ ክዳኗ የተከፈተ ትንሽ ቆርቆሮ ተስላለች፣ ውስጧ ቁጥር አለ። 12 ካለ ከከፈትሽው በኋላ 12 ወር ነው። የከፈትሽበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት። ማስካራ ላይ አትሟገቺ፣ ከ3 ወር በኋላ ደህና ሰንብች በይው። ብሩሹ ከዓይን ወደ ጠርሙሱ በተመለሰ ቁጥር ጀርም ይዞ ይገባል። ደረቀ ብለሽ ውኃ አትጨምሪበት፣ "እስቲ አንዴ ልኳል" ለምትልሽ ሁሉም አታውሺ። ማለፊያው ቀን በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑንም አስቢ። አንዷ ባልደረባዬ "2026 ይላል፣ ገና ስንት ዓመት አለው" ብላ ስትዘናጋ የኛ 2018 ገብቷል!

ብሩሽሽን በሕፃን ሻምፖ እጠቢው። ስታደርቂ አታቁሚው፤ ውኃው ወደ ብረቱ ይወርድና ሙጫውን ያላቅቀዋል። ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጋድሚው፣ ጠጉሩ ወደ ውጭ ይውጣ።

ለገና ብቅ ማለትሽ አይቀርም መቼም። ፋውንዴሽንሽን በፌስታል ጠቅልለሽ፣ አፉን ወደ ላይ አድርገሽ ያዥው። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ናት፣ ጣርማ በር ላይ ደግሞ ከ3,000 በላይ ትወጫለሽ። እዚያ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ጠርሙሱ ውስጥ የታመቀው አየር ይገፋል፤ ክዳኑን ስትከፍቺ እጅሽ ላይ ፊጭ ይላል። ነጭ ቀሚስሽን ለብሰሽ እንዳትከፍቺው አደራ።

ማደሪያሽ እኔ ጋ ነው፣ ሌላ ቦታ እንዳታስቢ። ከዚያው ቀይ ሽንኩርት ይዘሽልኝ ነይ፤ እዚህ ዋጋው አይቀመስም።

ያንቺው፣
የዶርም ጓደኛሽ