ስለ ተከላካዮችም ጻፉልን

ይድረስ ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የሴት ልጆች የእግር ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ጋዜጣችሁን ሁሌም አነባለሁ፤ ከስፖርት ገጻችሁ ግን አንድ ነገር ይጎድለኛል።

ጎል ያገባው ሰው ስሙ በትልቁ ይጻፋል፣ ፎቶውም ይወጣል። ተከላካይ ስሙ የሚነሳው ወይ ቀይ ካርድ ሲያይ ወይ በራሱ ላይ ሲያገባ ነው። ልጆች ደግሞ ይህን ያያሉ። "ማን ኋላ ይጫወታል?" ብዬ ስጠይቅ ሁሉም አንገታቸውን ይደፋሉ። በቅርቡ ኳስ ከየት እንደሚመጣ ቀድማ የምታውቅ ጎበዝ ልጅ ተከላካይ ቦታ ላይ አሰለፍኳት። ጠጋ ብላ "ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?" አለችኝ። የቀጣኋት መስሏት ነው። በጣም አዘንኩ።

ያን ቀን የነገርኳት ስለ አንዲት የሜዳ ሆኪ (እንደ ገና ጨዋታ ኳስ በዱላ የሚመታበት ስፖርት) ተከላካይ ነው፤ ስለ እንግሊዛዊቷ ኬት ሪቻርድሰን-ዋልሽ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለብሔራዊ ቡድን መጫወት የጀመረችው በ1999 ሲሆን በ2003፣ ገና በ23 ዓመቷ፣ አምበል ሆነች። በዓመቱ ቡድኗ ለአቴንስ ኦሊምፒክ ሳያልፍ ቀረ። አዲስ አምበል ለሆነ ሰው ከዚህ የከፋ አጀማመር የለም። እሷ ግን ቀጠለች። ቤጂንግ ላይ ስድስተኛ ወጡ።

ለንደን 2012 ላይ በመጀመሪያው ጨዋታ፣ ከጃፓን ጋር፣ ዱላ ፊቷን መታትና መንጋጋዋ ተሰበረ። ቀዶ ሕክምና ተደረገላት። ሁለት ጨዋታ ብቻ አልፏት ተመልሳ ሜዳ ገባች፤ ነሐስም ይዘው ወጡ። በ2016 ሪዮ ላይ በፍጻሜው ከኔዘርላንድስ ጋር 3 ለ 3 ተለያይተው በመለያ ምት 2 ለ 0 አሸነፉ። ለብሪታኒያ ሴቶች በሆኪ የመጀመሪያው የኦሊምፒክ ወርቅ ነበር። ስታቆም ለእንግሊዝና ለታላቋ ብሪታኒያ በድምሩ 375 ጊዜ ተሰልፋ ነበር።

የሆኪ ተከላካይ ሥራ ምን እንደሆነ ለማየት የቅጣት ማዕዘን ምትን (ተከላካዮች ጎላቸው አካባቢ ሲያጠፉ ለተጋጣሚ የሚሰጠውን ምት) ማየት ይበቃል። አራት ተከላካዮችና በረኛዋ ከጎሉ መስመር ኋላ ይቆማሉ። ሌሎቹ የቡድኑ ተጫዋቾች ሜዳው አጋማሽ ላይ ይቀራሉ። ኳሷ ወደ 160 ግራም የምትመዝን ጠጣር ነገር ናት። ከዳር ተገፍታ ስትወጣ አጥቂዋ በዱላዋ ጎትታ ትወረውራታለች፤ ኃይለኞቹ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬዷታል። በዚህ ጊዜ ከተከላካዮቹ አንዷ ጭንብሏን አድርጋ በቀጥታ ወደ መቺዋ ትሮጣለች። ከኳሷ አትሸሽም፣ ወደ ኳሷ ነው የምትሮጠው! ብትገባ ጎሉ በመቺዋ ስም ይመዘገባል። ብታድናት ግን የሚመዘግብላት የለም።

ተከላካይ ሆኖ ዝነኛ የሆነ የለም አልልም። ፓኪስታናዊው ሶሃይል አባስ ተከላካይ ነው፤ 348 ዓለም አቀፍ ጎል አግብቷል። እሱንም ቢሆን ዓለም የሚያነሳው በጎሉ ነው።

"ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው" የሚል ካለ ጎረቤታችንን ኬንያን ይመልከት። ከሀዋሳ በሞያሌ በኩል የሚወርደው መንገድ ናይሮቢ ያደርሳል። ኬንያዊው ተከላካይ አቭታር ሲንግ ሶሃል ከ1960 እስከ 1972 በአራት ኦሊምፒኮች ተጫውቷል፤ በሦስቱ አምበል ነበር። ኬንያም በ1971 ባርሴሎና ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የሆኪ ዓለም ዋንጫ አራተኛ ወጣች። እኛ ደግሞ ከጥንት ጀምሮ በገና ዱላና ጥንግ ይዘን የምንወጣ ሕዝብ ነን። በየዓመቱ ለበዓሉ ፎቶውን ታወጣላችሁ፣ ደስ ይላል። ዱላ መያዝ የሚወዱ ልጆች ግን በቀሪው ዓመት የት ይሂዱ? ይህንንም ጠይቁልን።

ከእናንተ የምፈልገው ትልቅ ነገር አይደለም። ጋዜጠኛችሁ የሴቶች ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ ሲዘግብ ጎል ካገባችው ጋር ብቻ አውርቶ አይመለስ። የመሀል ተከላካይዋንም ያናግርልን። አጥቂዋ ወዴት እንደምትዞር በምን እንዳወቀች፣ መቼ እንደምትገባባትና መቼ እንደምትጠብቃት፣ ጓደኞቿን ምን ብላ እየጠራች እንደምታሰልፍ ይጠይቃት። መልሷን ሳታሳጥሩ አትሙት። እኔ ቆርጬ የልብስ መቀየሪያ ክፍላችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የስፖርት መምህር፣ ከሀዋሳ