የግል ተበዳይ ሐዘኑን የሚናገርበት ሰዓት ይለይ
ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ለድሬዳዋ የወንጀል ችሎቶች የአሠራር መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

የግል ተበዳይ ምስክር ሆኖ ሲቆም ዐቃቤ ሕግ የሚያውቀውን እንዲያስረዳ ይጠይቀዋል፤ ጥቂት እንደተናገረ ሳግ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነው በዳኛው ጠባይ ላይ ያደረ ነው። አንዱ ዳኛ "ወደ ፍሬ ነገሩ ግባ" ይላል፣ ሌላው አልቅሶ እስኪወጣለት ይጠብቃል፣ ሌላው ቀጠሮ ይለውጣል። ቀጠሮ ሲለወጥ ተበዳዩ ያንኑ ቁስል ዳግመኛ ሊነካ ይመለሳል።

ችግሩ ከሕጉ ይጀምራል። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 149 ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ ስለ ቅጣቱ ዐቃቤ ሕጉ እንዲጠየቅ፣ ተከሳሹም እንዲመልስ ያደርጋል። ተበዳዩን አያነሳም። አንቀጽ 154 በር ቢከፍትለትም ስለ ካሳ ነው። ስለዚህ የልቡን የሚተነፍሰው በምስክርነቱ ሰዓት ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ተከሳሹን ገና ንጹሕ ነው ብሎ የሚገምትበት ሰዓት ነው። የእናት ለቅሶ ልጇ መሞቱን እንጂ ማን እንደገደለው አያስረዳም። በተቃራኒው ደግሞ ድንጋጤ ያደረቀው ተበዳይ እንባ ስለሌለው ብቻ "ተለማምዶ መጣ" ተብሎ ይጠረጠራል።

ቃሉ የሚመዘገብበት መንገድም ይታሰብበት። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 147 መሠረት የምስክር ቃል በአብዛኛው በትረካ መልክ ይጻፋል፤ ለቅሶውና ዝምታው በዚያው ይጠፋሉ። የሥር ችሎት በእንባ ተነክቶ ወይም ተጠራጥሮ ወስኖ ከሆነ ይግባኝ ሰሚው የሚመረምረው የለውም። የታየው ብቻ ይጻፍ፦ "ምስክሯ በዚህ ጥያቄ ላይ አለቀሰች፤ ችሎቱ 10 ደቂቃ ዕረፍት ሰጠ።" "ከልቧ አዝና" የሚለው ፍርድ ነውና አይጻፍ። በዕረፍቱም ዐቃቤ ሕጉን ጨምሮ ማንም ስለ ምስክርነቱ አያነጋግራት፤ በተለይ መስቀለኛ ጥያቄ ተጀምሮ ከሆነ የመከላከያ ጠበቃው "ተመክራ ተመለሰች" ቢል አይፈረድበትም።

ለድሬዳዋ የባሰው ቋንቋ ነው። ችሎቱ በአማርኛ ይሠራል፤ ተበዳዩ ግን በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ያለቅሳል። አስተርጓሚው የሦስት ዓረፍተ ነገር እንጉርጉሮ "በጣም አዝኛለሁ ትላለች" ብሎ ካሳጠረው በውስጡ ያለው ሰዓት፣ ቦታና ስም አብሮ ይቀራል። አስተርጓሚ "ትላለች" ሳይል በተናጋሪዋ አንደበት ያስተርጉም፤ ሳግ ሲይዛት ያቁም፤ ያልሰማውን አይሙላ።

የምንጠይቀው ዋና ነገር ይህ ነው፦ ከጥፋተኝነት ውሳኔ በኋላ፣ ከቅጣት በፊት ተበዳዩ የራሱ ሰዓት ይኑረው። ከ2 ገጽ ያልበለጠ ጽሑፍ በዐቃቤ ሕግ በኩል ያቅርብ፤ ለተከሳሽ ጠበቃ ከ5 ቀን በፊት ይድረስ፤ ማንበብ የማይችል በቃል ይናገር። ይዘቱ በአካል፣ በኑሮና በቤተሰብ ላይ የደረሰው ጉዳት ይሁን። "ይሰቀልልኝ" የሚል የቅጣት ጥያቄ፣ ስድብ ወይም ያልተከሰሰ ወንጀል ካለ ዳኛው ይሰርዘው። አደጋ የለውም አንልም። አንደበተ ርቱዕ ተበዳይ ወይም ዘመደ ብዙ ሟች ከብቸኛው ይልቅ በቅጣቱ ላይ ሊከብድ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሞት ቅጣት ጉዳዮች እንዲህ ያለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1987 ከልክሎ በ1991 ፈቅዷል። ስለዚህ ዳኛው በቅጣት ውሳኔው ከተበዳዩ ቃል የትኛውን ክፍል እንደተጠቀመበትና በቅጣት አወሳሰን መመሪያ ቁጥር 2/2006 የት ቦታ እንደሚገባ በጽሑፍ ያሳይ።

ሽምግልናም አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 ጥፋተኛው ተጸጽቶ ያደረሰውን ጉዳት ለመካስ መጣሩን ቅጣት ማቅለያ ስለሚያደርገው፣ ሽማግሌ ተልኮ ተበዳዩ "ይቅር ብያለሁ" እንዲል ይጨቀጨቃል። ዳኛው ዘመድም ሽማግሌም በሌለበት በፈቃዱ መሆኑን ይጠይቀው።

የጠየቅነው የአሠራር መመሪያ ጊዜ ሊወስድ ይችላል። የአስተርጓሚውና የመዝገቡ ጉዳይ ግን የሕግ ማሻሻያ ስለማያስፈልገው ከመጪው የሥራ ዘመን በፊት በደብዳቤ ለችሎቶቹ እንዲተላለፍ እንጠይቃለን።

በድሬዳዋ በወንጀል ጉዳይ የምንሠራ ጠበቆች