ቁጠባው ያለው ከምጣዱ ሥር ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ስለ አካባቢ ጥበቃ በጋዜጦቻችን የሚወጣው ምክር ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገር አያልፍም፤ ፌስታል ይቅር፣ ችግኝ ይተከል፣ አምፖል ይጥፋ። የሚጠላ ምክር አይደለም። ነገር ግን 9 ዋት የሆነ ኤልኢዲ አምፖል ለ10 ሰዓት ሳይጠፋ ቢያድር የሚበላው 0.09 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,750 ዋት የሚስብ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ በአንድ ደቂቃ ተኩል ውስጥ ይጨርሰዋል። አምፖል ረስቶ የተኛ ልጅ በሚቆጡበት ቤት ምጣዱ በሳምንት ሦስት ጊዜ ለአሥር አሥር እንጀራ ሲግል ማንም ምንም አይልም።

ይህን የምንጽፈው ምጣድ በመሥራት፣ በመጠገንና የቤት ውስጥ መስመር በመዘርጋት ላይ ያለን ባለሙያዎች ነን። ምክራችን አዲስ ዕቃ ግዙ የሚል አይደለም። ያለው ምጣድ በትክክል ከተያዘ በቂ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ተቃውሞ እንመልስ። «መብራታችን ከውሃ ነው፣ ግድቡም ተመርቋል፣ ታዲያ ምጣድ ላይ መቆጠብ ለምን?» የሚሉ አሉ። እውነት ነው፣ የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚመነጭ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የህዳሴ ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ የሚያመነጨውና የሰፈሩ ትራንስፎርመር የሚሸከመው ግን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ምሽት ላይ የአንድ መንደር ምጣዶች በአንድ ጊዜ ሲበሩ መስመሩ ይደክማል፣ ባልቦላ ይወርዳል፣ መብራት ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እራት ለመሥራት የሚወጣው የከሰል ምድጃ ነው። ምጣድ ላይ የሚባክን ኃይል በዞረ መንገድ ከሰል ያስነድዳል የምንለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። የሸክላ ምጣድ ሊጥ እስኪቀበል ድረስ ለመጋል 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፤ ይህ በ3,750 ዋት ወደ 0.94 ኪሎዋት ሰዓት ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሊጡን ማዞሩ፣ መክደኑና ማውጣቱ ተደምሮ ለአንድ እንጀራ ሦስት ደቂቃ ብንይዝ፣ 10 እንጀራ ለመጋገር ምጣዱ 45 ደቂቃ ይበራል፤ ይህም 2.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ጊዜ እንዲህ ቢደረግ 8.4 ይሆናል። ያንኑ 30 እንጀራ በአንድ ጊዜ ለመጋገር ግን የሚያስፈልገው 6.6 ብቻ ነው። ልዩነቱ ሸክላውን ሁለት ጊዜ ደግሞ ለማጋል የወጣው ኃይል ነው፤ እንጀራ ሳይጋገርበት የቀረ። በወር ሲደመር ከ7 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ነው። የቤት ታሪፉ በእርከን ስለሆነና ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚጨምር፣ እርከን ዳር ላይ ላለ ቤት ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ከዚህ የሚቀድም ቀላል ነገርም አለ። ምጣዱን ከለኮሱ በኋላ ሊጥ ማቅጠን፣ ማሰሻ መፈለግ፣ ሰፌድ ከጎረቤት ማስመጣት የተለመደ ነው። 10 ደቂቃ ባዶውን የጋለ ምጣድ 0.6 ኪሎዋት ሰዓት በልቷል። ሊጡ ቀጥኖ፣ ማሰሻው ተዘጋጅቶ፣ ሰፌዱ ተዘርግቶ ማብሪያው መጨረሻ ላይ ይነካ። በሌላኛውም ጫፍ እንዲሁ ነው፦ ሸክላ ሙቀት ስለሚይዝ የመጨረሻዎቹ ሁለት እንጀራዎች ማብሪያው ከተዘጋ በኋላ ሊበስሉ ይችላሉ። ሦስተኛው ግን ዓይኑ አይወጣም፤ እዚያ ላይ መስገብገብ አያስፈልግም። ከዚያ የተረፈው ትኩሳት የደረቀ እንጀራን ድርቆሽ ለማድረግ ይበቃል።

«30 እንጀራ አንዴ ብንጋግር ይሻግታል» የሚለው ስጋት ትክክለኛ ነው፣ ብዙ ቤት ደጋግሞ የሚጋግረውም በዚህ ምክንያት ነው። የሻጋታው መነሻ ግን ብዙውን ጊዜ ቀኑ መርዘሙ ሳይሆን አደራረቡ ነው። ከምጣድ የወጣ እንጀራ እንፋሎቱ ሳይወጣለት በሌላ ትኩስ እንጀራ ላይ ሲደረብ፣ እንፋሎቱ በመካከል ውሃ ሆኖ ይቀራል፤ ሻጋታ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። እያንዳንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ ለብቻው ተዘርግቶ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይደረብ። መሶቡ ውስጥ ያለፈው ሳምንት ፍርፋሪ ካለ አዲሱን እንጀራ ያበላሻል፤ መሶቡ ተራግፎ ፀሐይ ይምታው። ፍሪጅ ያለው ሰው ለሁለትና ሦስት ቀን የሚበቃውን ውጭ ትቶ የቀረውን በንጹሕ ጨርቅ፣ ከዚያ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስገባ። ቅዝቃዜው እንጀራውን ያደርቀዋል፤ ወጥ የተጣደበት ድስት ክዳን ላይ ጥቂት ደቂቃ ቢያርፍ ይለሰልሳል። አንድ ጥግ ላይ ሻጋታ የታየበት እንጀራ ግን ተቆርሶ አይበላም፤ የሚታየው አበባው ነው፣ ሥሩ ውስጥ ለውስጥ ሄዷል። ፍሪጅ የሌላቸው ደግሞ ሁለት ሦስት ጎረቤታሞች ተራ ገብተው በአንድ ግለት የሁሉንም ሊጥ ቢጋግሩ ያው ቁጠባ ይገኛል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለዚህ የሚያስቸግረው የቆጣሪው ሂሳብ ነው። ለአንድ እንጀራ 0.22 ኪሎዋት ሰዓት ተብሎ ቢታሰብ ጠብ አይኖርም።

ዋናው ብክነት ግን ዓይን የማያየው ነው። ምጣድ ወደ ላይ ብቻ አይግልም። ገበያ ላይ ካሉት ብዙዎቹ ሸክላው ከላይ፣ ቆርቆሮው ከታች፣ መካከሉ አየር ነው። ሙቀቱ ወደ ታች ይሄድና ጠረጴዛውን ያሞቃል። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ ግማሽ ሰዓት ከተጋገረ በኋላ መዳፍዎን ወደ ቆርቆሮው ሆድ ያስጠጉ። ቅርብ ላይ የማያስቆም ከሆነ የሚከፍሉት ለጠረጴዛው ነው። መፍትሔው በሸክላውና በቆርቆሮው መካከል 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ፋይበር ግላስ ወይም ሌላ የማይቃጠል ሙቀት ከልካይ መሙላት ነው። ሰጋቱራ የሚሞሉ አሉ፤ ይህ እሳት መጥመድ ነው። አመድ የሚሞሉም አሉ፤ አመድ ደረቅ ሳለ ሙቀት በደንብ ይከለክላል፣ ነገር ግን እርጥበት ይስባል፤ እርጥብ አመድ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ በክረምት ምጣዱን የነካውን ሰው «ነዘረኝ» የሚያሰኘው አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ፋይበር ግላስ ሲሞላ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ያስፈልጋል፣ ብናኙ ቆዳና ሳንባ ይጎዳል።

ሁለተኛው ስውር ጉዳይ ሽቦው ነው። በ220 ቮልት 3,750 ዋት የሚሠራ ምጣድ የሽቦው ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰቱን የመግታት አቅሙ፣ 13 ኦም ገደማ ነው፤ ይህ ሲያንስ ምጣዱ የሚስበው ኃይል ይጨምራል። ሽቦው ሲበጠስ አንዳንድ ጠጋኝ የተቃጠለውን ቁራጭ ጥሎ ሁለቱን ጫፍ ይቋጥራል። ሥራው ያለቀ ይመስላል። ነገር ግን ከሽቦው አንድ አሥረኛው ከተቆረጠ ሬዚስታንሱ ወደ 11.7 ይወርዳል፣ ምጣዱም ከ4,100 ዋት በላይ መሳብ ይጀምራል። ቆጣሪው ይፈጥናል፣ ቋጠሮው ከሌላው ሽቦ በላይ ይግላል፣ በዚያው ቦታ እንደገና ይበጠሳል። በየጊዜው የሚጠገን ምጣድ ውድ ምጣድ ነው፤ ሽቦው በሙሉ ይቀየር። አዲሱ ሲገባ ጥምዝምዙ በየቦዩ እኩል ካልተሳበ እንጀራው አንድ ጎኑ አርሮ ሌላው ጥሬ ይሆናል፤ ጋጋሪዋ ሊጡን ትወቅሳለች፣ ጥፋቱ ግን የሽቦው ነው። ሽቦውን የሸፈነው ጂፕሰም ከተሰነጠቀም ቶሎ ይለሰን፤ በስንጥቁ የሚገባው የማሰሻ ዘይት ሽቦውን ይበላዋል። የጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና ምጣድን በሳሙና ማጠብ ደግሞ በብዙ ጎመን ዘር የተሟሸውን ምጣድ በአንድ ቀን ያበላሹታል፤ ከዚያ በኋላ እንጀራው እየያዘ ሦስትና አራት ሊጥ ይጣላል።

መስመሩን በአጭሩ እንለፈው፤ ምጣዱ 17 አምፔር ይስባል። ለብቻው ከባልቦላ ሳጥኑ የወጣ ባለ 4 ካሬ (ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ) ሽቦ፣ ባለ 20 አምፔር ባልቦላና የመሬት መስመር ያስፈልገዋል። ባለ 2.5 ካሬ መስመር ላይ በዲቫይደር የተሰካ ምጣድ ስፒናውን ካሞቀ፣ ያ ሙቀት የተከፈለበት ኃይል ነው፣ ነገ ደግሞ እሳት ነው። ባልቦላው ወረደ ብሎ በ32 አምፔር መቀየር ሕመሙን ትቶ ቴርሞሜትሩን መስበር ይሆናል። እየጋገሩ ሳለ መብራት ከጠፋም ማብሪያውን ወዲያው መዝጋት ግዴታ ነው፤ መብራቱ ሌሊት ተመልሶ ሲመጣ ሰው በሌለበት የሚግል ምጣድ ስንት ቤት ሊያቃጥል እንደሚችል መናገር አያሻም።

የመጋገሪያ ሰዓትም ይታሰብበት። ምሽት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቮልቴጅ በሚወርድባቸው ሰፈሮች 220 የነበረው 180 ሲሆን፣ ኃይሉ በቮልቴጁ ካሬ ልክ ስለሚቀንስ 3,750 ዋቱ 2,500 ገደማ ይሆናል። ቆጣሪው ዝግ አለ ብሎ መደሰት ግን አይቻልም፤ ሸክላው ቀስ እያለ ሲግል ሙቀቱ በጎንና በሥር ሲያመልጥ ስለሚቆይ ለአንድ እንጀራ የሚወጣው ኃይል ጭራሽ ይጨምራል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ መጋገር የሚችል ቤት ለራሱም ለሰፈሩም ይጠቅማል።

ከሰልን በተመለከተ፣ አፈር ተዳፍኖበት በሚከሰልበት ባህላዊ ዘዴ 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይነድዳል። ስለዚህ ከሰል ከሚበላው ሥራ መጀመር ይሻላል፦ ባቄላ፣ ሽምብራና ንፍሮ። ከ8 እስከ 12 ሰዓት ለሚሆን ጊዜ ውሃ ውስጥ ያደረ እህል ቶሎ ይበስላል፤ የዘፈዘፉበት ውሃ ይደፋ። በፕሬሸር ድስት፣ እንፋሎቱ መጮህ ሲጀምር እሳቱ ይቀነስ፤ ጩኸቱ በበረታ ቁጥር እህሉ ቶሎ ይበስላል የሚባለው ስህተት ነው፣ የሚወጣው ውሃና ኃይል ብቻ ነው። ረጅሙ ሥራ ቁሌት ነውና የሳምንቱ ሽንኩርት አንዴ ቢቁላላና ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ምድጃ ላይ መቆም ይቀራል። ለቡናው ከሰል ግን ከማንም ጋር አንጣላም። የሸክላ ሽፋን ያለው ላቀች ምድጃ ከተራው ቆርቆሮ ምድጃ ይልቅ ከሰሉን በሩብ ገደማ ይቀንሳልና እሱን መጠቀም፣ የወንፊቱን ቀዳዳ ከአመድ ማጽዳት፣ በፌስታል አለማቀጣጠል፣ ፍሙንም ለመሞቂያ ብሎ ወደ ዝግ መኝታ ቤት አለማስገባት ይበቃል። ጭሱ የጠፋ ፍም ሽታ የለውም፣ ገዳዩ ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አለው።

ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን የሚጠቀሙበት ቀጭን የማይዝ ምጣድ ሙቀቱን ራሱ የሚቆጣጠር ቴርሞስታት አለው፤ በአነስተኛ ዋት ይጋግራል። የእኛ የሸክላ ምጣድ አብዛኛው ማብሪያና ማጥፊያ ብቻ ነው ያለው። ሸክላውን ትተን ቴርሞስታቱን ብንወስድ ጥሩ ነበር፤ እንጀራው በሸክላ ነውና።

ጋዜጣው አንድ ነገር ቢያነሳልን እንወዳለን። ገበያ ላይ የሚሸጥ ምጣድ ሁሉ ዋቱና ከሥሩ የተሞላው ነገር በጽሑፍ ይለጠፍበት፤ አዲስ የሚሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶችም ወጥ ቤታቸው የምጣድ መስመር ለብቻው ተዘርግቶለት ይረከቡ። እስከዚያው ገዥው ሻጩን ምጣዱን ገልብጦ እንዲያሳየው ይጠይቅ፣ ሬዚስታንሱንም በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ስፒናው ላይ ያስለካ። 3,750 ዋት ነው የተባለው ምጣድ ከ12 እስከ 14 ኦም መካከል ካላሳየ፣ ወይም ሲያንኳኩት ሆዱ ባዶ ሆኖ ከጮኸ፣ ወደሚቀጥለው ሱቅ ይለፍ።

ከአክብሮት ጋር፣
የምጣድ ሥራና የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ባለሙያዎች
አዲስ አበባ