ካርድ አልቆብኝ አልነበረም

ይድረስ ለውድ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ይቺን «ይመስገን» ስጽፍ ራሴን ሳቅ አለኝ፤ ያጣላችን እሷው ናትና።

ባለፈው ሐሙስ ስንደዋወል ያ የተፈተንሽበት መሥሪያ ቤት መልስ እንዳልሰጠሽ ነገርሽኝ። «ቢሆንም ተመስገን በይ» አልኩሽ፣ እንደ ልማዴ። «እስቲ ምን ስላደረገልኝ ነው አባዬ?» አልሽኝ። ያኔ ነው «ካርዴ ሊያልቅ ነው» ብዬ የዘጋሁት። ካርድ አልቆብኝ አልነበረም፤ ያለቀብኝ መልስ ነው።

ለእናትሽ ብነግራት «ዲግሪዋንስ ማን ሰጣት?» ብላ ተቆጣች። እሷ መዝገብ የምትይዝ ሴት ናት። ስትመረቂ ለቁልቢ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ፣ ታኅሣሥ 19 በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል እየተጋፋች አስገብታለች። አልነቅፋትም። ስለት የሰመረለት ሰው እንደዚያ ደስ ይበለው። ግን በስለት ብቻ ከሄድን፣ ያልሰመረለት ምን ይበል? አንቺ የጠየቅሽኝ ይሄንን መሰለኝ።

ከምድር ባቡር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቅዳሴ ከመነሻው እቆማለሁ። ድሮ ተረኛ ሆኜ እያመሸሁ፣ ስደርስ ብዙ ጊዜ ግማሹ አልፎ ነበር የማገኘው። ስለዚህ ይቺን ጸሎት በደንብ የሰማኋት በስተርጅና ነው። ካህኑ ሰላም ለኵልክሙ ብለው ሕዝቡ ከመለሰ በኋላ፣ ጸሎተ አኮቴት ትባላለች። አኮቴት ምስጋና ማለት ነው። «ነአኵቶ» ብላ ትጀምራለች፤ በጎ ነገር ያደረገልንን እናመስግነው። ቀጥላ «እስመ» ትላለች። እስመ «ምክንያቱም» ነው እንግዲህ፤ ያንቺው ጥያቄ። ምክንያቱንም ትደረድረዋለች፦ ሠወረነ፣ ረድአነ፣ ዐቀበነ፣ አቅረበነ... እያለች እስከዚች ሰዓት አደረሰን እስከሚለው። ሰወረን፣ ረዳን፣ ጠበቀን፣ ወደ እርሱ አቀረበን። ብትሰሚ፣ ሥራ ሰጠን፣ ቤት ሰጠን የሚል የለበትም። ልመናው ራሱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሠወረነን በሰማሁ ቁጥር ትዝ የሚለኝን ልንገርሽ። አንቺ አራት ዓመትሽ ስለነበር አታስታውሺውም፤ እኛም ብዙ አላወራንልሽም።

1998 ዓ.ም.፣ ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ። ያኔ ቤታችን እዚሁ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ አጠገብ ነበር። ደቻቱን ታውቂዋለሽ፤ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት፣ ሰው እንደ መንገድ የሚያቋርጠው። ወንዝ መሆኑን እንረሳዋለን። ከላይ ደጋው ላይ ሲዘንብ ነው ጉዱ የሚመጣው። እኔ የሰማሁት ውሃ አይመስልም ነበር፤ ፉርጎ ከሃዲድ ወጥቶ የሚጎተት ነው የመሰለኝ። ከአልጋ ስወርድ ውሃው ጉልበቴ ደረሰ። የቆርቆሮው በር ከውጭ ተገፍቶ አልከፈት አለ። አንቺን ትከሻዬ ላይ አውጥቼ እናትሽ በመስኮት ስትጮህ፣ ከጀርባችን ያለው ሙስሊሙ ጎረቤታችን ከግንቡ ላይ ሆኖ እጁን ዘረጋ። ጫቱ እንኳ ገና ጉንጩ ውስጥ ነበር። መጀመሪያ አንቺን፣ ቀጥሎ እናትሽን ሳበ። ስሙን ጠርቼ ሳመሰግነው «አልሐምዱሊላህ በል» አለኝና ወደሚቀጥለው ጣሪያ ሄደ። ረድአነ ሲባል እስከ ዛሬ የሚታየኝ ያ እጅ ነው።

ሲነጋ እሁድ ነበር። ከ200 ሰው በላይ አለቀ። ከኛ በታች ካለው ግቢ፣ ካንቺ ጋር እቃ እቃ የምትጫወተውን ልጅ ውሃው ወሰዳት።

ልጄ፣ እኔ ያን ሰሞን «አተረፈን፣ ተመስገን» ማለት አቃተኝ። እኛን ከሰወረን እነሱንስ? አሁንም መልሱን አላውቀውም፤ አውቃለሁ የሚል ሰው ሲሰብክ ስሰማም እበሳጫለሁ።

ሰኞ ፍልሰታ ገባ። በዚያው ሳምንት ቅዳሴ ላይ የልጅቷን እናት በሴቶቹ በኩል ቆማ አየኋት። ነጠላዋን ለሐዘን አዘቅዝቃዋለች። ካህኑ ነአኵቶን ሲጀምሩ እኔ ደንግጬ እሷን አያለሁ። ሠወረነ ሲባል ምን ትል ይሆን? ምንም አላለች፤ መሬት መሬት ታያለች። «እስከዚች ሰዓት አደረሰን» ላይ ሲደረስ ተንበረከከች።

ከወራት በኋላ እናትሽ ቡና ላይ ይሄንን አንስታላት ነበር። «ሌላውን እናንተ በሉልኝ ብዬ ዝም አልኩ። መድረሴን ግን ደርሼ ነበር፤ እሷን ውሸት ማለት አልቻልኩም» አለቻት።

እኔ ከዚያ በፊት ልብ ያላልኩት ነገር ይሄ ነበር። ነአኵቶ «ላመስግነው» አይልም፣ «እናመስግነው» ነው። አንዷ ሠወረነ ማለት ሲያቅታት ጎኗ ያለችው ትልላታለች፤ እሷ ደግሞ ለሌላው የሚያቅተውን አንዱን ቃል ትይዛለች። ዝርዝሩን ብቻውን ተሸክሞ የሚጨርስ ሰው ያለ አይመስለኝም። አንቺ ግን በአዲስ አበባ፣ በኪራይ ክፍልሽ፣ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ምክንያት ፈልጊ ስልሽ ነበር። ሞኝነቴ ነው፤ ይቅር በይኝ።

ሥራውን በተመለከተ፣ እንዲሰጡሽ እኔም እለምናለሁ። ካልሰጡሽ አብረን እንናደዳለን፤ መናደዱ ኃጢአት አይደለም። እናትሽ ለሚቀጥለው ፈተና ሌላ ጃንጥላ ልሳል እያለች ነው፣ ዋጋው ንሮ ሻማ ይበቃል ብያታለሁ። አኩርፋለች።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ከሄድሽ ቶሎ ተነሺ። አንቺ ወንጌል ሊነበብ ሲል ነው የምትደርሽው፣ አውቅሻለሁ፤ ያቺ ጸሎት መጀመሪያ ላይ ናት።

አባትሽ፣ ከድሬዳዋ